ጎልያድ ስንት ክንድ ነበር? የቅዱሳት መጻሕፍት ጥናትና የግእዝ ድርሻ

ዳዊት በወንጭፍ የጣለው ጎልያድ በብዙዎች ቤት ባለው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቁመቱ ስድስት ክንድ ከስንዝር ነው። አንዱን ክንድ በ45 ሳንቲ ሜትር ብናሰላው ሦስት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ግዙፍ ይሆናል። ሰንበት ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ጎልያድ ይኸኛው ነው።

ሌላም ጎልያድ አለ። በ1952 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሙት ባሕር ዳር፣ ኩምራን ከተባለው ስፍራ አራተኛው ዋሻ ከወጡት የብራና ቁርጥራጮች መካከል የሳሙኤል መጽሐፍ ቅጂ ይገኝበታል። በዕብራይስጥ የተጻፈው ይህ ቅጂ የተገለበጠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጨረሻው መቶ ዓመት ውስጥ ሲሆን፣ ለጎልያድ የሰጠው ቁመት አራት ክንድ ከስንዝር ብቻ ነው። የሰብዓ ሊቃናት ከሚባለው የግሪክ ትርጉም ጥንታውያን ቅጂዎች ውስጥም ዋና ዋናዎቹ እንዲሁ ይላሉ። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስም የሚያውቀው አራቱን ነው። ይህኛው ጎልያድ ሁለት ሜትር ገደማ ነው፤ በዘመኑ ሰው መካከል ከሩቅ የሚለይ፣ የሚያስፈራ፣ ግን ሰው ብሎ ለመጥራት የማይከብድ ወታደር።

የትኛው ይቀድማል? ይህን የሚመረምር ሰው ምስክሮቹን ከመቁጠሩ በፊት ይመዝናቸዋል። ስድስት የሚሉት የዕብራይስጥ ቅጂዎች በቁጥር ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ሁሉም ከአንድ ወገን የተገለበጡ ዘመዳሞች ስለሆኑ ቃላቸው እንደ አንድ ሰው ቃል ይቆጠራል። አራት የሚሉት ጥቂት ቢሆኑም በዕድሜ ይበልጣሉ፤ በተለያየ ቋንቋ ተጽፈውም ይስማማሉ። ቀጥሎ የሚጠየቀው ስሕተቱ እንዴት ሊገባ ቻለ የሚለው ነው። ጀግና የጣለው ጠላት ታሪኩ በተተረከ ቁጥር ይረዝማል እንጂ አያጥርም። በዚያ ላይ ሦስት ቁጥር ወረድ ብሎ የጎልያድ ጦር ብረቱ ስድስት መቶ ሰቅል እንደሚመዝን ተጽፏል፤ የደከመው ገልባጭ ዓይን ከዚያ ስድስትን ይዞ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብዙ ተመራማሪዎች ወደ አራቱ ያደላሉ። ስድስቱን የሚደግፉም አሉ፤ ክርክሩ ገና አልተዘጋም።

በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ተብሎ የሚሰጠው ትምህርት የሚጀምረው ከእንዲህ ያለው ጥያቄ ነው። አዲስ ተማሪ መጀመሪያ የሚነገረው ነገር ብዙ ጊዜ ያስደነግጠዋል፦ ከመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች መካከል በደራሲው በራሱ እጅ ተጽፎ እስከ ዛሬ የቆየ አንድም የለም። በእጃችን ያለው ሁሉ ቅጂ ነው፤ ያም ከሌላ ቅጂ የተቀዳ። ብሉይ ኪዳንን በዕብራይስጥ ከዳር እስከ ዳር ከያዙት ጥራዞች ዕድሜ ጠገቡ ዛሬ በሴንት ፒተርስበርግ ያለው ሲሆን፣ የተጻፈው በ1008 ገደማ ነው። በ1947 ከኩምራን የመጀመሪያ ዋሻ የተገኘው 7.34 ሜትር የሚረዝም የኢሳይያስ ጥቅል ግን ከእርሱ በሺህ ዓመት ይቀድማል። ሁለቱ ጎን ለጎን ተዘርግተው ሲነበቡ መጽሐፉ ያው መጽሐፍ ነው፤ ትንንሽ ልዩነቶቹ ግን በብዛት ይገኛሉ። ይህን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መናገር ለተከራካሪዎች አይመችም። አንዱ ወገን አንድ ፊደል አልተለወጠም ማለት ይወዳል፤ ሌላው ሁሉም ተበርዟል ማለት ይቀናዋል። ብራናው ለሁለቱም አያደላም።

የአገራችንን ቁም ጸሐፊ ሥራ ያየ ሰው ለዚህ አዲስ አይሆንም። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ መቃ ቀርፆ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሚገለብጥ ሰው አንዳንዴ መስመር ቢዘል አይደንቅም። የዘለለው ነገር ሲገኝ ግን ታሪኩ ራሱ ይፈታል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 11 የአሞን ሰው ናዖስ ኢያቢስ ገለዓድን ይከባል፤ ነዋሪዎቹ እንገዛልሃለን ሲሉትም የሁላችሁንም ቀኝ ዓይን ካወጣሁ በኋላ ነው ይላቸዋል። ለምን ይህን ያህል ጨከነ? ለዘመናት ሲነበብ የኖረው ጽሑፍ ምክንያቱን አይነግረንም። ጎልያድን ያሳጠረው ያው የኩምራን ቅጂ ግን ከምዕራፉ በፊት ሌላው ዕብራይስጥ የማያውቃቸው ጥቂት መስመሮች አሉት። ናዖስ የጋድንና የሮቤልን ነገዶች ሲያስጨንቅ ቆይቷል፤ ከዮርዳኖስ ማዶ ያሉትን ሁሉ ቀኝ ዓይናቸውን አውጥቷል፤ ሰባት ሺህ ሰዎች ግን አምልጠው ኢያቢስ ገለዓድ ገብተዋል። ዮሴፉስም ተመሳሳይ ነገር ይተርካል። እንግዲህ ናዖስ የመጣው ያመለጡትን ሊጨርስ ነው። በ1989 የታተመ አንድ ታዋቂ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ እነዚህን መስመሮች ወደ ዋናው ጽሑፍ መልሷቸዋል።

ቅጂዎችን ማነጻጸር የጥናቱ አንዱ ክንፍ ነው። ሌላው ጽሑፉ እንዴት ተደራጀ ብሎ ይጠይቃል፤ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። የኖኅን ታሪክ በእርጋታ ያነበበ ሰው በዘፍጥረት ምዕራፍ 6 ከእንስሳ ሁሉ ሁለት ሁለት፣ በምዕራፍ 7 ደግሞ ከንጹሑ ሰባት ሰባት እንዲያስገባ መታዘዙን ያያል። አንድ ቦታ የጥፋቱ ውኃ አርባ ቀን ነው፤ ሌላ ቦታ መቶ አምሳ ቀን ነው። በ1753 ዣን አስትሩክ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ስሙን ሳይጽፍ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የፈጣሪ ስም የሚጠራበትን መንገድ እየተከተለ ዘፍጥረትን በተለያየ ረድፍ ለየው። አስትሩክ የሙሴን ደራሲነት ሊያፈርስ አልተነሣም። ሙሴ ከእርሱ በፊት የነበሩ ጽሑፎችን ሰብስቦ አዘጋጀ ብሎ ለሙሴ ሊሟገትለት ነበር። በእርሱ መንገድ የሄዱት ግን ከእርሱ ርቀው ሄዱ። በ1878 ጀርመናዊው ዩሊዩስ ቬልሃውዘን አምስቱ ብሔረ ኦሪት በተለያየ ዘመን ከተጻፉ አራት ምንጮች የተቀናበረ ነው የሚለውን ሐሳብ በሰፊው አቀረበ። አራት ዓመት ቆይቶም፣ ተማሪዎቼን ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የማዘጋጅ መስሎ አይሰማኝም ብሎ የሥነ መለኮት መምህርነቱን በፈቃዱ ለቀቀ። ዛሬ የእርሱ አራት ምንጮች እንደነበሩ የሚቀበላቸው ሰው እያነሰ ነው፤ ኦሪት ብዙ እጅ ያለፈበት ነው የሚለው ግን በዩኒቨርሲቲዎች የብዙኃኑ አስተያየት ሆኖ ቆይቷል።

እንዲህ ያለው ጥያቄ የቅርብ ዘመን ሰዎች ፈጠራ እንዳይመስል አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። በዘዳግም መጨረሻ የሙሴ ሞትና ቀብር ተጽፏል፤ ሙሴ የራሱን ሞት እንዴት ጻፈ? የአይሁድ ሊቃውንት በታልሙድ ይህን አንሥተው፣ የመጨረሻዎቹን ስምንት ቁጥሮች የጻፈው ኢያሱ ነው የሚል መልስ አስቀምጠዋል። የእኛም አንድምታ አንዱን ንባብ አንድም እያለ በብዙ መንገድ ይፈታል፤ ቅጂዎች የተለያየ ንባብ የያዙበትንም ቦታ ያነሣል። የመጽሐፍ ቤት መምህርና የዩኒቨርሲቲ መምህር የሚለያዩት ጥያቄው በሚያርፍበት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ንባቡ ለምእመናን ምን ያስተምራል ብሎ ይደመድማል፤ ሁለተኛው ንባቡ በማን፣ መቼ፣ ለማን ተጻፈ ብሎ ያቆማል።

እስካሁን የተነሡት ዕብራይስጥና ግሪክ ናቸው። በዚህ ጥናት ግእዝ ከዳር ቆሞ የሚመለከት የሚመስለው ካለ መጽሐፈ ሄኖክን ይመልከት።

ሄኖክ መጀመሪያ የተጻፈው በአራማይክ ነው፤ ከዚያ ወደ ግሪክ፣ ከግሪክም በአክሱም ዘመን ወደ ግእዝ ተተረጎመ። የይሁዳ መልእክት በቁጥር 14 እና 15 ስሙን ጠርቶ ይጠቅሰዋል። ከጥንት የክርስትና ጸሐፊዎች ተርቱሊያን ተሟግቶለታል፤ አውግስጢኖስ ግን አልተቀበለውም። እየቆየ በምዕራቡ ዓለም ከጥቅስ በቀር ሳይቀር ጠፋ። ከ81ዱ መጻሕፍት ጋር ቆጥራ፣ እየገለበጠችና እየተረጎመች ያቆየችው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ናት። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ቅጂዎች ይዞ በ1773 አውሮፓ ሲደርስ አንዱን ለፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ ሰጠ፤ ሌላው ኦክስፎርድ ገባ። ከኦክስፎርዱ ቅጂ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። በ1851 ጀርመናዊው ኦገስት ዲልማን አምስት ቅጂዎችን አነጻጽሮ የግእዙን ንባብ አሳተመ። ኋላ ያሳተመው ትልቁ የግእዝ መዝገበ ቃላቱ አሁንም በተመራማሪዎች ጠረጴዛ ላይ አለ።

ከዚያ ኩምራን መጣ። ከአራተኛው ዋሻ የሄኖክ ክፍሎች የሆኑ የአራማይክ ቅጂዎች ቁርጥራጭ ተገኘ፤ ተመራማሪው ዮሴፍ ሚሊክ በ1976 ብዙውን አሳተመው። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት የተጻፉ ናቸው። በኢትዮጵያ ተገኝተው የሚታወቁት የግእዝ ሄኖክ ቅጂዎች ግን ቀደምት ናቸው የሚባሉት ራሳቸው ከ15ኛው መቶ ዓመት ብዙም አይርቁም። በሁለቱ መካከል አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመትና ሁለት ትርጉም አለ። ግእዙ ምን ያህል ይታመናል የሚለው በተግባር የሚፈተንበት ቀን ይህ ነበር።

ፈተናው እንዴት እንደሆነ በአንድ ምዕራፍ ማየት ይቻላል። በሄኖክ ውስጥ የዓለምን ታሪክ በአሥር ሱባዔ የሚከፍል ራእይ አለ። በግእዙ ከአንደኛው እስከ ሰባተኛው ሱባዔ ያለው በምዕራፍ 93 ነው። ስምንተኛው፣ ዘጠነኛውና አሥረኛው ግን ሁለት ምዕራፍ ቀድመው በምዕራፍ 91 ተቀምጠዋል፤ መጨረሻው ከመጀመሪያው በፊት መጣ ማለት ነው። እንግሊዛዊው አር. ኤች. ቻርልስን የመሳሰሉ ሊቃውንት አራማይኩ ከመገኘቱ በፊት ይህን አይተው፣ ክፍሉ በመገልበጥ ጊዜ ቦታውን ለቋል፤ ከምዕራፍ 93 ቀጥሎ መመለስ አለበት ብለው ነበር። ማስረጃ አልነበራቸውም፤ የያዙት የንባቡን ስሜት ብቻ ነው። የኩምራኑ ቁርጥራጭ ሲነበብ ስምንተኛው ሱባዔ ከሰባተኛው ቀጥሎ ተገኘ። ግምቱ ልክ ነበር። ግእዙም ክፍሉን ቦታ አዛውሮ እንጂ አላጠፋውም፤ ቃሉ እዚያው አለ።

ይህ ቻርልስ ግን ሁልጊዜ አልቀናውም። በምዕራፍ 71 ሄኖክ ወደ ሰማይ ይወሰድና የሰው ልጅ የተባለው ራሱ እንደሆነ በቀጥታ፣ አንተ ተብሎ ይነገረዋል። ከዚያ በፊት ባሉት ምዕራፎች ሄኖክ ያንን የሰው ልጅ እንደ ሌላ አካል ሲያየው ስለቆየ ነገሩ ለቻርልስ አልዋጥ አለው። ስለዚህ ከመካከል የጠፋ ነገር አለ ብሎ፣ ንግግሩን ስለ ሌላ ሰው እንደተነገረ አድርጎ በትርጉሙ ለወጠው። ለዚህ ለውጥ ከግእዝ ቅጂዎች የደገፈው የለም። ከእርሱ በኋላ የመጡት ተርጓሚዎች የቅጂዎቹን ንባብ መልሰውታል፤ የሚከራከሩት በትርጓሜው ላይ ነው። ሊቅ ያልመሰለውን ንባብ በራሱ ሥልጣን ሲያስተካክል እንዲህ ይሆናል። ከባዱ ንባብ ሳይነካ ቢቀር ይሻላል የሚለው የጥናቱ ሕግ የወጣውም በእንዲህ ያለ ልምድ ነው።

የዚህ ክፍል ነገር በዚህ አያበቃም። ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው፣ የሄኖክ ምሳሌዎች የሚባለው፣ ከኩምራን አንድ ቁራጭ እንኳ አልተገኘለትም። በግሪክም የለም። ሙሉ ምስክሩ ግእዝ ብቻ ነው። ሚሊክ ከኩምራን አለመገኘቱን ይዞ፣ በሦስተኛው መቶ ዓመት ክርስቲያኖች የጻፉት ነው አለ። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ በወንጌል የሰው ልጅ በክብሩ ዙፋን ተቀምጦ እንደሚፈርድ የተነገረው ቅርብ አምሳያው ያለው በእነዚህ ምዕራፎች ነውና። ከወንጌል በኋላ ከተጻፉ የወንጌል ጥላ ናቸው፤ ከቀደሙ ግን ወንጌል ሲነገር ሰሚው ጆሮ ውስጥ ምን እንደነበረ የሚያሳዩ ናቸው። ታዲያ ዕድሜያቸው በምን ይታወቃል? ምዕራፍ 56 ላይ ጳርቴና ሜዶን በጻድቃን ምድር ላይ እንደሚነሡ ተጽፏል። ጳርቴዎች ኢየሩሳሌምን የያዙት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ40 ነው። በ70 ዓ.ም. ሮማውያን ከተማይቱንና ቤተ መቅደሱን ሲያጠፉ የደረሰው መከራ ግን በምዕራፎቹ ውስጥ አሻራው አይታይም። በ2005 በጣሊያን ካማልዶሊ ለዚሁ የተሰበሰቡ ተመራማሪዎች አብዛኞቹ ወደ ክርስቶስ ልደት አካባቢ ባለው ዘመን ተስማሙ። የሚሊክ አስተያየት ደጋፊ አጣ።

መጽሐፈ ኩፋሌም ሃምሳ ምዕራፉ ሙሉ በሙሉ ያለው በግእዝ ብቻ ነው። ጄምስ ቫንደርካም የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ ከኩምራን ከወጡት የዕብራይስጥ ቁርጥራጮች ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲመረምሩት፣ በሁለት ትርጉም ያለፈው የግእዙ ንባብ ከዕብራይስጡ ጋር በእጅጉ ተቀራራቢ ሆኖ አግኝተውታል።

የግእዝ ቅጂ ሳይነበብ ስለ ግእዝ የተጻፈ ነገር ምን ያህል እንደሚያሳስት ደግሞ የማርቆስ ወንጌል ያሳያል። ከአራተኛው መቶ ዓመት የመጡት ሁለት ታላላቅ የግሪክ ጥራዞች ወንጌሉን የሚጨርሱት በምዕራፍ 16 ቁጥር 8፣ ሴቶቹ ፈርተው ለማንም ሳይናገሩ ሲሸሹ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በለንደን ያሉ ሦስት የግእዝ ቅጂዎችም እዚያው ያቆማሉ ተብሎ ተጻፈ። ወሬው ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተቀዳ አንድ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ፕሪንስተን ያስተምሩ የነበሩት ብሩስ ሜትስገር ቅጂዎቹን ራሳቸው ተመለከቱ። ከቁጥር 9 እስከ 20 ያለው በሦስቱም ውስጥ ነበረ። ከዚያ ሌሎች በርካታ የግእዝ ወንጌሎችን አስመረመሩ፤ በቁጥር 8 የሚያቆም አንድም አላገኙም። ብዙዎቹ እንዲያውም ከቁጥር 8 ቀጥሎ የሚመጣ አጭር መደምደሚያንም፣ ከ9 እስከ 20 ያለውን ረጅሙንም አንድ ላይ ይዘዋል። ተሳስቶ መገልበጥ የቁም ጸሐፊ ብቻ አይደለም፤ ፕሮፌሰርም ይገለብጣል።

ዛሬ ለዚህ ሥራ የሚጎድለው የግእዝ አንባቢ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ተማሪ ዕብራይስጥና ግሪክ የግድ ይማራል፤ ግእዝ የሚሰጡት ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። በካናዳ ቶሮንቶ ትምህርቱ በ2017 የተጀመረው፣ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ድምፃዊ አቤል ተስፋዬ (ዘ ዊክንድ) ከለገሰው 50,000 ዶላርና ከሌሎች በተገኘ ድጋፍ ነው። ኦሪትን ለዘመናት በግእዝ ሲያነቡ የኖሩት የቤተ እስራኤል ልጆችም ዛሬ እስራኤል ውስጥ የቄሶቻቸውን ንባብና ትርጓሜ ለማጥናት ተነሥተዋል። አገር ቤት ደግሞ ንባብ ቤት፣ ቅኔ ቤትና መጽሐፍ ቤት ያለፈ ሰው፣ የውጭው ተመራማሪ በብዙ ዓመት የማይደርስበትን የቋንቋ ችሎታ ይዞ ከምርምሩ ውጭ ተቀምጧል። ይህ ብክነት ነው። የሁለቱ መንገድ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ቢቀመጡ ማን እንደሚጠቀም አያከራክርም።

መሣሪያው ለማንም ክፍት ሆኗል። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ ቅጂዎችን አንሥቷል፤ ብዙውን እየመረመሩ ካታሎጉን ያዘጋጁት በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ፊልሞቹ ከተቀመጡበት ከአሜሪካ ሚኒሶታ የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት፣ ብዙዎቹ ዛሬ በኢንተርኔት ይነበባሉ። ግእዝ የሚያነቡ አንባቢ ከሆኑ በስምዎ ተመዝግበው መግባት ይችላሉ፤ ምዝገባው ክፍያ የለውም።